ሸጊቱ በእግሯ ትውጣ

ሰርጓ ሦስት ቀን የቀራት ሙሽራ ምን እንደሚያስጨንቃት ታውቃላችሁ። ቀሚሱ፣ ጠጉሩ፣ እንግዳው፣ ሚዜው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ጎማ ነበር። አዎ፣ የመኪና ጎማ። ያንን ሰሞን የኖርኩት እንደ ሙሽራ ሳይሆን እንደ ጎሚስታ ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ባለቤቴም "ደግሞ ጀመረሽ?" ይለኛል።

ያኔ መርሳ ውስጥ የሂሳብ አስተማሪ ነበርኩ። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስላረፈች ያሳደጉኝ አባቴ አቶ አያሌው ናቸው፤ በቤቱም የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሁለታችን ስል ዋሸሁ። ሦስተኛም ነበረች፤ ሸጊቱ።

ሸጊቱ ቮልስ ናት። አባቴ የእርሻ ባለሙያ በነበሩበት ዘመን ከውርጌሳ እስከ ሲሪንቃ ገበሬ ለገበሬ የዞሩት በእሷ ነው። ድሮ ሰማያዊ ነበረች አሉ፤ እኔ ከማውቃት ጀምሮ ግን ቀለሟን ደፍሮ የሚናገር ሰው አልገጠመኝም። በደህናው ጊዜ የሰፈሩ አምቡላንስ እሷ ነበረች። ምጥ የያዛት ሁሉ ወልድያ ሆስፒታል የምትደርሰው በሸጊቱ ነው፤ አንዳንዱ ልጅማ ሆስፒታሉን ሳይጠብቅ እዚያው ከኋላ ወንበር ላይ ተወልዷል። ከዚያ ሞተሯ ሞተ። አባቴ ግን ሊሸኟት አልፈለጉም። በግቢያችን መሀል አቆሟት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥቧታል፤ ማታ ማታ መሪዋን ይዘው ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጡባታል።

የጦርነቱ ወሬ ወደ እኛ ሲቀርብ ሰው ሁሉ እህሉንና ልብሱን ሲደብቅ፣ አባቴ የሸጊቱን አራት ጎማ ፈተው ለአራት ሰው አደራ ሰጡ። "እግር ከሌላት ማንም አይወስዳትም" አሉ። ሞተር የሌላትን መኪና ማን ይወስዳታል ብሎ የጠየቃቸው የለም። ያ ጊዜ አለፈ፣ ሰዉም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሸጊቱ ግን በአራት ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች።

እንግዲህ ጣጣው የመጣው ከዳሱ ነው። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ዳስ የሚጣልበት አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ እሱ ላይ ሸጊቱ ተኝታለች። እጮኛዬ ዮናስ የወልድያ ልጅ ነው። ሐሙስ ጠዋት ይህንኑ በስልክ ሳማርር "ለምን አንድ የሆቴል አዳራሽ አንከራይም?" አለኝ። የስልኬ ድምፅ እንደ ቡና ወፍጮ የሚጮህ ነበርና አባቴ ሰሙ። የያዙትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሱት።

"ልጄን ከሆቴል ነው የምድራት? እንደ መንገደኛ ሻንጣ?"

"እንግዲያው ሸጊቱ ትነሳ፣ አባባ" አልኩ።

በመስኮት ወደ ውጭ አዩ፤ እሷ ደግሞ በአንድ ዓይኗ አየቻቸው፤ ሌላው መብራቷ ከተሰበረ ቆይቷል። ከብዙ ጊዜ በኋላ "ገዢ ጥሪ" አሉኝ። ድምፃቸው ቄስ እንደሚያስጠራ ሰው ነበር።

የጠራሁት ጋሽ ሐጎስን ነው። ጋሽ ሐጎስ ቤተሰባቸው ከትግራይ መጥቶ ወልድያ የከተመ፣ እሳቸውም እዚያው ተወልደው የሸበቱ የአሮጌ ብረት ነጋዴ ናቸው። በዚያው ቀን ከሰዓት መጡ። ሞተሯን ይከፍታሉ፣ ቆርቆሮዋን ያንኳኳሉ ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ምኑንም አላዩ። በከዘራቸው ተደግፈው ጎንበስ አሉና ድንጋዮቹን ተመለከቱ።

"ዋይ ጓለይ፣ ልጄ! እግሯስ?"

"አደራ ተሰጥቷል" አልኩ፤ ስናገረው ለራሴም አሳፈረኝ።

"ስሚኝማ። የሞተች መኪና ሁለት ዓይነት ናት። በእግሯ የምትወጣ አለች፣ በቃሬዛ የምትወጣ አለች። በእግሯ የምትወጣዋን ገመድ አስሬ እጎትታታለሁ፤ በሯም፣ መስታወቷም፣ መሪዋም ሳይሰበር ይደርስልኛል። ጎማው ነፍስ ካለው ባለ ጋሪ ይሻማበታል፣ ከሌለው በረባሶ ሰፊ ይወስደዋል። የውስጥ ብረቱ፣ ቸርኬው፣ ካልተጣመመ እሱም ገዢ አለው። ይህቺ ግን" አሉና በከዘራቸው ድንጋዩን መታ መታ አደረጉት፤ "አይሱዙዬ በዚህ ኮረኮንች አይገባም፤ እሷም ወደ አስፋልት አትሄድም። ያለው መንገድ እዚሁ በጋዝ ቆራርጦ በኪሎ መመዘን ነው። ለቆራጩና ለተሸካሚው ሲከፈል ደግሞ ለእናንተ የሚተርፈው የሽንኩርት መግዣ ነው።"

አባቴ ከተቀመጡበት ተነሱ። "ሸጊቱን? በእሳት? እሷን ከሚቆርጡ እኔን ይቁረጡኝ!"

"የእርስዎ ኪሎ አያዋጣኝም" አሉ ጋሽ ሐጎስ ፍንክች ሳይሉ።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። አባቴ ግን አልሳቁም። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ እንደ ፍርድ "በእግሯ ነው የገባችው፤ በእግሯ ትውጣ። አለዚያ ከዚህ አትነቃነቅም" አሉ።

"ዳሱስ፣ አባባ?"

ጋሽ ሐጎስ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አዩና "እንግዲህ ቅዳሜ ረፋድ ወደ ደሴ ሳልፍ ብቅ እላለሁ። በአራት እግሯ አስፋልቱ ዳር ካደረሳችኋት የመኪና ዋጋ እከፍላለሁ። ካልሆነ ከቆራጭ ጋር እንነጋገር" ብለው ሄዱ።

እሑድ ሰርግ፣ ቅዳሜ ረፋድ ነጋዴ፤ በመሀል ዓርብ አንዲት ቀን። በዚያች ቀን አራቱን ጎማ ካልሰበሰብኩ ዳስ የለም ማለት ነው፤ ዳስ ከሌለ ደግሞ አባቴ በሆቴል አዳራሽ ጥግ ላይ እንደ ተጣላ ሰው ተቀምጠው ሲድሩኝ ታየኝ።

ዓርብ በማለዳ የሮጥኩት ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ዘሀራ ነው። እናቴ ስትሞት እኔን ከአባቴ ጋር ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል።

"እትዬ፣ የሸጊቱን ጎማ ልወስድ ነው የመጣሁት።"

"ማን ብሎሽ?"

"እንዴ! እኔ መሲ ነኝ፤ በእጅዎ አጥበው ያሳደጉኝ!"

"እኔስ አወቅሁሽ። አደራው ግን አያውቅሽም። ሰጪው ይምጣና ይቀበለኝ።"

ብለምን፣ ብቆጣ፣ የሙሽራ እንባ ባሳይ ወይ ፍንክች! ተመልሼ አባቴን ቀሰቀስኩ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ያማርራሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ለሰርጉ የተገዛላቸውን ኮት ለብሰው፣ ፊታቸውን ተላጭተው ወጡ። "ለአደራ እንዲሁ አይኬድም" አሉኝ።

እትዬ ዘሀራ አባቴን ሲያዩ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። ከአልጋቸው ሥር በነጠላ የተጠቀለለ ነገር እየጎተቱ አወጡ። ነጠላው ሲገለጥ ቤቱን የቅቤ ሽታ ሞላው።

"አያሌው፣ አደራህ ይኸውልህ። ወላሂ አንድ ቀን አላጓደልኩባትም። በየዒዱ ራሴን ስቀባ እሷንም እቀባት ነበር። ቆዳ ናት፣ ትደርቃለች ብዬ።"

ጎማው አብጧል፣ ለስልሷል፣ አብረቅርቋል፤ ዳር ዳሩን ደግሞ አይጥ በልታዋለች። መቼም ሰው እንጀራ በቅቤ ሲወድ አይቻለሁ፤ አይጥ ጎማ በቅቤ ስትወድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከንፈሬን ነክሼ ሳቄን ዋጥኩት። አባቴ ግን ጎንበስ ብለው የእትዬ ዘሀራን ትከሻ ሳሙ።

"ልጄንም እንዲሁ ነው የጠበቅሽልኝ" አሉ።

እትዬ ዘሀራ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠረጉና ድንገት እጄን ያዙት። "ያ አላህ! ሙሽራ እጇ እንዲህ ባዶ ሆኖ ነው ጎማ የምትሰበስበው?" ብለው እሺም እምቢም ሳልል እጅ የሚያቀላውን እንሶስላ ከመዳፌ እስከ ጣቴ ጫፍ ለጥፈው ሁለቱንም እጄን በጨርቅና በላስቲክ ጠቀለሉት። "እስኪይዝ እንዳትነኪው!" አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ያደረግሁት እንደ ቦክሰኛ በተጠቀለለ እጅ መሆኑን እያሰባችሁ አንብቡልኝ።

ሁለተኛው ጎማ ያለው ባለ ጋሪው ሰይድ ዘንድ ነው። የሰይድ ጋሪ ለምን ወደ አንድ ጎን እንደምታጋድል መርሳ ሁሉ ሲጠይቅ ነው የኖረው። ያን ዕለት ገባን፤ አንዱ እግሯ የሸጊቱ ነበር።

ሰይድ አባቴን ሲያይ አለንጋውን ጣለ። "ጋሽ አያሌው፣ አፉ በሉኝ! የጋሪዬ ጎማ አለቀና የእርስዎን ለአንድ ሳምንት ተውሼ ነበር…"

"ሳምንቱ አላለቀም?"

"ሳምንቱስ ብዙ ጊዜ አለቀ።"

"ምን ስትሠራ ቆየች?"

"ውሃ ስታመላልስ። ለሰፈሩ ሁሉ።"

"እሰይ!" አሉ አባቴ፤ ፊታቸው በራ። "እኔ ደግሞ ሥራ ፈትታ ተቀምጣለች ብዬ ሳዝን። እንኳን ተዋስካት!" ሰይድ ጎማዋን ፈቶ ሲሰጠን ጋሪዋ በአንድ ክንዷ መሬት ላይ ተንበረከከች፤ አህያዋም ዛሬ ዕረፍት ነው መሰለኝ ብላ ወደ ጥላው ሄደች።

ሦስተኛዋ ያለችው ግራና፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ ቤት ነው። ወይዘሮ ጥሩነሽ የበኩር ልጃቸውን በሸጊቱ የኋላ ወንበር ላይ የወለዱ ሴት ናቸው። በባጃጅ ሄድን። ጎማዋ ከጓዳ በጭድ ተሞልታ ተኝታለች፤ በላይዋ ላይ ቀይ ዶሮ በኩራት ተቀምጣ አፍጥጣብናለች።

"ዛሬ ነገ ትፈለፍላለች" አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ። "አሁን ብትነሳ እንቁላሉ ይበርዳል። እኔ አደራ በላ አይደለሁም ጋሽ አያሌው፤ እሷ ግን አሳሯን ያየች እናት ናት።"

አባቴ ኮታቸውን ሰብስበው ከዶሮዋ ፊት ለፊት ዱካ ላይ ተቀመጡ። እንደ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ሰዓቴን ማየት ብፈልግ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጥቂት ሲማከሩ ቆዩና ፍርዱ ወጣ፦ ዶሮዋም፣ እንቁላሉም፣ ጎማዋም፣ ወይዘሮ ጥሩነሽም አንድ ላይ መርሳ ይሄዳሉ። ባጃጅ ውስጥ እንዴት እንደተጫንን አትጠይቁኝ። ጎማዋ እኔ ጭን ላይ ነበረች፤ ዶሮዋ ጎማዋ ላይ። ቤት ስንደርስ እንቁላሉን ወደ ቅርጫት ልናዛውር ስንል ዶሮዋ ሁላችንንም ነክሳ፣ በክፍቱ በር ሸጊቱ ውስጥ ገብታ የኋላ ወንበር ላይ ተደላደለች። እንቁላሉን ተከትለን ወሰድንላት፤ ሌላ ምን ምርጫ ነበረን?

አሁን የቀረችው አንድ ናት፤ እሷም ከሁሉ ቅርብ ያለችው፣ ቅሬ ቤት። ለማያውቅ ሰው፣ ቅሬ ማለት በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም ለሐዘንም ለደስታም የሚረዳዳበት ማኅበር ነው፤ ሌላው አገር ዕድር ይለዋል። ድንኳኑም፣ ድስቱም፣ ወንበሩም ያለው እዚያ ነው። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ይመር የተባሉ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሰው ሲሞት እንኳ ሰዓት አላከበረም ብለው የሚቆጡ ይመስለኛል።

"ጎማዋ አለች" አሉ። "ግን የድንኳኑ ምሰሶ የሚቆመው በእሷ መሀል ባለው ቀዳዳ ነው። እሷን ከወሰዳችሁ ነገ የዚህችን ልጅ ዳስ በምን ላቁመው?"

አያችሁ? ጎማዋ ካልመጣች ሸጊቱ አትወጣም፤ ሸጊቱ ካልወጣች ዳስ የሚጣልበት ቦታ የለም። ጎማዋ ከመጣች ደግሞ ቦታው አለ፣ ዳሱ የለም። ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ "መፍትሔ የሌለው ሂሳብ የለም" ብያለሁ! እዚያው ቅሬ ቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩና በተጠቀለለ እጄ ፊቴን ሸፍኜ ማልቀስ ጀመርኩ። ከልቤ ነበር ያለቀስኩት። አባቴም ከጎኔ ቆመው "አይ እንግዲህ፣ ሆቴሉም ይሁን" አሉ።

እትዬ ዘሀራ እንሶስላው መያዙን ሊያዩ እየፈለጉኝ የመጡት በዚህን ጊዜ ነው። ነገሩን ሰሙና ወገባቸውን ይዘው "ወንዶች! ለዚህ ነው ሙሽራ የምታስለቅሱት? የእኔ ሙቀጫ ምን ሊሠራ ተቀምጧል? ምሰሶ አይውጥም?" አሉ።

ጋሽ ይመር አሰቡ። ሄደው ሙቀጫውን አዩ፣ ምሰሶውን ከተው ነቀነቁ። "ከጎማውም ይሻላል" አሉ፤ እንደመሳቅም አደረጋቸው። እኔ እትዬ ዘሀራን አቅፌ ስዘል እጄ ተፈታ። እንሶስላው በደንብ ይዟል፤ በእሳቸው ጀርባም ላይ ጭምር።

ቅዳሜ ረፋድ ጋሽ ሐጎስ ሲመጡ አራቱ ጎማዎች ታስረው፣ ሰይድ በእጅ ፓምፕ ሲነፋቸው አድሮ ደረቱ ሲርገበገብ አገኙን። ጋሽ ሐጎስ በከዘራቸው ጎማ በጎማ ዞሩ።

የሰይድን ጎማ ነክተው "ይሄ ጥርሱ አልቆ እንደ እንቁላል ለስልሷል። ግን ነፍስ አለው፤ የሚሠራ ጎማ ቶሎ አይሞትም" አሉ። የቅሬውን "ፀሐይ ሰነጣጥቆታል፣ ቸርኬው ግን ደህና ነው" አሉት። የዶሮዋ ጋ ሲደርሱ ተንበረከኩ። "ይሄን ማን ነው የጠበቀው? ጥላ ላይ፣ ደረቅ ላይ የኖረ ነው፤ አዲስ ማለት ነው!"

"ጠባቂዋ ከኋላ ወንበር ላይ ናት" አልኳቸው። በመስኮት ሲያጎነብሱ ዶሮዋ አፍንጫቸውን ልትነክሳቸው ለጥቂት ሳተቻቸው።

አራተኛው ላይ አሽትተው ቆሙ። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ጎማ ነው ወይስ የልጃገረድ ጠጉር?"

"ቅቤ ነው" አሉ እትዬ ዘሀራ ኮራ ብለው።

"ዋይ ዋይ! እናቴ፣ ላስቲክና ቅቤ ባላንጣ ናቸው፤ ያለሰልሰዋል። ይሄ እስከ አስፋልት አይደርስም።"

"ይደርሳል" አሉ አባቴ፤ ገብተው መሪዋን ያዙ። ኮታቸው ላይ አንድ ክር እንኳ አልተዛነፈም።

ድንጋዮቹ ተነሱ። ሸጊቱ ቃ ቃ ብላ በእግሯ ቆመች። ወንዶቹ ከኋላ ገፉ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ አንዷ ቀልደኛ የሰርግ ዘፈን ስትጀምር ሰፈሩ ሁሉ ተቀበላት። መኪና ሳይሆን ሙሽራ የሚወጣ ነበር የሚመስለው። እኔም እየጨፈርኩ ከኋላ ገፋሁ። በሩን አለፈች። ከበሩ ወደ አስፋልቱ ግን መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ሸጊቱ ደግሞ ፍሬን የላትም። ይህንን ያስታወስነው ከእጃችን ስታመልጥ ነው።

"አባባ! ይያዟት!"

"በምን?" ሲሉ ሰማኋቸው።

አባቴና ዶሮዋ ቁልቁል ነጎዱ። እኛ ከኋላ እየጮህን፣ ነጠላችን እየተበተነ እንሮጣለን። ከታች በአስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና ሲያጓራ ይሰማል። በዚያች ቅጽበት ዳሱም፣ ሰርጉም፣ ዮናስም ከሐሳቤ ጠፉ። አባቴን ብቻ ነው ያየሁት።

ጧ!

ቅቤ የጠጣው ጎማ ፈነዳ። ሸጊቱ ወደዚያ ጎን ዘመመች፣ ቸርኬዋ ኮረኮንቹን እያረሰ ተንገጫገጨች፣ ከዚያ አስፋልቱን ልትነካ አንድ ክንድ ሲቀራት ቀጥ አለች። የጭነት መኪናው በፊቷ ሽው ብሎ አለፈ። ስደርስ አባቴ መሪዋን እንደያዙ በሳቅ ይንፈራፈራሉ፤ ከኋላ ደግሞ ዶሮዋ ዓለምን ትረግማለች። እንደዚያ ሲስቁ ያየኋቸው ከስንት ዘመን በኋላ ነው! እኔ በአንድ ዓይኔ እያለቀስኩ በሌላው ሳቅሁ።

እትዬ ዘሀራ እያለከለኩ ደርሰው "አላልኳችሁም? ቅቤው ነው ያዳነው!" አሉ። ማን ይከራከራቸዋል?

ጋሽ ሐጎስ ቀስ ብለው ወርደው የፈነዳውን ጎማ አዩት። "በእግሯ ወጥታለች" አሉ። "ማነከስ ሌላ ነገር ነው።" ከአይሱዙው ላይ አንድ አሮጌ ጎማ አውርደው በፈነዳው ምትክ አሳሰሩና፣ እሑድ ከደሴ ስመለስ ጎትቼ እወስዳታለሁ ብለው ሄዱ። ዳሱም በዚያው ከሰዓት በሙቀጫው ላይ ተተከለ።

የሰርጉን ድግስ አልተርክላችሁም፤ ሰርግ ሁሉ ለሙሽራው ልዩ ቢሆንም ለአንባቢ አንድ ነው። የምነግራችሁ የመውጫውን ሰዓት ነው። ዮናስ ተከራይቶ የመጣው ነጭ መኪና፣ በአበባና በሪባን ያጌጠው፣ አንድ የዳስ ሚስማር ረግጦ ተንፍሶ አገኘነው። መለዋወጫው ሲወጣ እሱም ነፍስ የለውም። የመርሳ ጎሚስታ እዚያው ዳሳችን ውስጥ ጠላ ይዞ እስክስታ እየወረደ ነው፤ የሱቁን ቁልፍ የት እንዳደረገ ቢጠየቅ በትከሻው ብቻ መለሰ። ሚዜዎቹ እርስ በርስ መወቃቀስ ጀመሩ።

በዚህ መሀል ከአስፋልቱ የአይሱዙ ጡሩምባ ተሰማ። አባቴ ከወንበራቸው ተነሱ።

"ሸጊቱ አለች" አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ሪባኑን ከነጩ መኪና ላይ መፍታት ጀምረዋል። ዮናስ አየኝ። "ምን ይመስልሻል?" አለ። የዚያን ጊዜ ነው ያገባሁት ሰው ትክክለኛው መሆኑን ያወቅሁት፤ ኮቱን አውልቆ የአባቴን ሪባን ያዘላቸው።

ጋሽ ሐጎስ ገመዱን ትተው በብረት ዘንግ ከአይሱዙው ጋር አሰሯት፤ "ፍሬን የላትም፣ እኔ እንደ ታቦት ነው የምጎትታት" አሉ። ዶሮዋ በዚያው ጠዋት ፈልፍላ ነበርና ወይዘሮ ጥሩነሽ ከነልጆቿ በቅርጫት አውርደዋታል። እኔ በነጭ ቀሚሴ ጭድ ላይ ተቀመጥኩ፣ ዮናስ ከጎኔ፣ አባቴ መሪው ላይ። መርሳ በእልልታ ሸኘን። ጥቂት እንደሄድን ከወንበሩ ሥር "ጪው" የሚል ድምፅ ሰማን፤ አንዷ ጫጩት ተረስታለች። ከቬሌ ሥር አስገባኋት።

ሲሪንቃ ስንደርስ በመንገዱ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበልን። አባቴ እንደ ባለሥልጣን እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ከዚያ ድንገት፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ በመስታወቱ ውስጥ እያዩኝ ተናገሩ።

"የተወለድሽ ጊዜ ከሆስፒታሉ ያመጣኋችሁ በዚህችው ነው። እናትሽ እዚያው አንቺ ያለሽበት ተቀምጣ፣ አንቺን ታቅፋ። 'ስትዳርም በዚህችው ነው የምትሸኛት' አለችኝ። እሺ አልኳት፤ ለዳስሽ ስል ግን ቃሌን ላጥፍ ነበር።"

ጫጩቷን ከቬሌ ሥር አውጥቼ ለዮናስ ሰጠሁት።

"ለምን አልነገሩኝም፣ አባባ? ለዚህ መሆኑን ባውቅ እኮ…"

"ብነግርሽ ታዝኝልኝ ነበር። ሰርግ ላይ ሐዘን ምን ይሠራል?"

ኩሌ በጉንጬ ወረደ። ደስታ ነው እንጂ ሌላ ስም አልሰጠውም። ዮናስ በአንድ እጁ እኔን፣ በሌላው ጫጩቷን ይዞ ወልድያ ገባን።

የዮናስ ቤተሰቦች ደጃፍ ላይ ስንደርስ አባቴ ወርደው በሩን ከፈቱልኝ፤ እጄን ይዘው አወረዱኝ። ከዚያ የሸጊቱን ጣራ በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉና ወደ ጋሽ ሐጎስ ዞሩ።

"በሉ፣ አሁን ይቁረጧት" አሉ። "ሥራዋን ጨርሳለች።"

ጋሽ ሐጎስ ኮፍያቸውን አወለቁ። በማግሥቱ አንድ ጎማ ወደ መርሳ ላኩ፤ የዶሮዋን። ወይዘሮ ጥሩነሽ ተረክበው ወደ ግራና ወሰዱት፤ ዛሬም ሌላ ዶሮ ታቅፋበታለች።

እናንተ የምታነቡኝ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ ያው የሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ አሁን የማስተምረው ወልድያ ነው። ግን አንድ ነገር ተቀይሯል። ሰው ጥግ ያስቀመጠውን አሮጌ ነገር ሳይ "ይጣል" ማለት አፌ እምቢ ይለኛል። መጀመሪያ ባለቤቱን ምን እየጠበቀበት እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ መልሱ ያስቀኛል፣ ያስለቅሰኛልም። በቤታችሁ የቆመች መኪና ካለች እናንተም ጠይቁ። ስትሸጧትም በእግሯ እንድትወጣ ጎማዎቿን ከፀሐይ አርቁላት፣ ቢቻል ዶሮ አስታቅፉባቸው።

ቅቤ ግን፣ አደራችሁን፣ እንዳትቀቧቸው። ቁልቁለት ላይ ካልሆናችሁ በስተቀር።